በስልክ ድምፅ ለመቅዳት የትኛው ፕሮግራም ይሻላል? ስለ ኤዲተርና ስለ ማልቲትራክ



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ በስልካችን ድምፅ ስለ መቅዳት ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎች ጠይቃችሁኛል። አንዷ ለልጇ ተረት ቀድታ መላክ ትፈልጋለች። ሌላዋ ከጓደኞቿ ጋር መዝሙር ቀድታ ለእናቷ ማሰማት ትፈልጋለች። ሌላዋ ደግሞ ድሮ ከአገር ቤት የተላከላትን ድምፅ ማጥራት ትፈልጋለች። የሁላችሁም ጥያቄ መጨረሻው አንድ ነው፤ «የትኛውን አፕ ልጫን?» የሚል ነው።

እኔ ትምህርቴ እስከ 10ኛ ክፍል ነው፤ የስቱዲዮ ባለሙያ አይደለሁም። ደማም ከመጣሁ ጀምሮ ማታ ሥራ ሲያልቅ በስልኬ እየሞከርኩ፣ ከሚያውቁ ሰዎችም እየጠየቅኩ የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ።

መልሴን ከመጀመሪያው ልናገር። አፕ ከመጫናችሁ በፊት ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፤ «የምቀዳቸው ድምፆች ተራ በተራ ነው የሚሰሙት ወይስ አብረው?» ተራ በተራ ከሆኑ ኤዲተር ይበቃችኋል። አብረው ከሆኑ፣ በተለይ ደግሞ ሰዎቹ በተለያየ ቤት ካሉ፣ ማልቲትራክ ያስፈልጋችኋል። የቀረው ንግግሬ ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንጨነቅበታለን? ጊዜያችን አጭር ነው፤ ብዙዎቻችን ለራሳችን የምናገኘው ማታ ግማሽ ሰዓት ነው። የስልካችን ቦታ ጠባብ ነው። ገንዘባችንም በላብ የመጣ ነው። ደማም ሲኮ አካባቢም ሆነ አል-ኮባር ስቅባ ሱቅ ብትገቡ ሻጩ ላፕቶፕ፣ ማይክሮፎን፣ የማይክሮፎን ማቆሚያ እያለ ይደረድርላችኋል። የሚያስፈልጋችሁን ሳታውቁ ከገባችሁ የወር ደመወዛችሁን ትታችሁ ትወጣላችሁ። የሚያስፈልጋችሁን ካወቃችሁ ግን ገመድ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ገዝታችሁ ትመለሳላችሁ።

ሁለቱ ፕሮግራሞች በምን ይለያያሉ?

ኤዲተር አንድ የተቀዳ ድምፅ ይዞ የሚሠራ ነው። ድምፁ በስልኩ መስታወት ላይ እንደ ረጅም መስመር ይታያል። ዝም ያልንበት ቦታ ቀጭን ነው፤ የተናገርንበት ይወፍራል፤ የጮኽንበት ወደ ላይና ወደ ታች ይዘረጋል። ያልፈለግነውን በጣታችን መርጠን እናወጣለን፤ የቀረውን እናጋጥማለን። ጨርቅ በመቀስ ቆርጦ በመርፌ እንደ ማያያዝ ነው። ለአንድሮይድ ስልክ ሌክሲስ ኦዲዮ ኤዲተር የሚባል አለ። ኮምፒውተር ላለው ሰው ደግሞ ኦዳሲቲ የሚባል አለ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ እስከ ዛሬ በነጻ ይገኛል።

ማልቲትራክ ማለት ብዙ መስመር ማለት ነው። እዚህ አንድ መስመር ብቻ አናይም፤ አንዱ ከሌላው በታች የተደረደሩ ብዙ መስመሮች እናያለን። እያንዳንዱ መስመር ትራክ ይባላል። በአንዱ መሪዋ፣ በሁለተኛው ተቀባዮቹ፣ በሦስተኛው ከበሮው ይቀመጣል። ስናጫውተው ሁሉም አብረው ይሰማሉ፤ ስናርመው ግን አንዱን ብቻ ነክተን ሌላውን እንተዋለን። ባንድላብ በአንድሮይድም በአይፎንም ይሠራል። ጋራጅባንድ የአይፎን ነው። ሁለቱም ያለ ክፍያ ይጫናሉ።

እኛ ወጥ ቤት የምንውል ሰዎች ስለሆንን በወጥ ላስረዳ። ወጡ ከበሰለ በኋላ ጨው በዝቶ ቢገኝ፣ ጨውን ለይቶ የሚያወጣ ባለሙያ የለም። በአንድ ስልክ፣ በአንድ ጊዜ የተቀዳ የአምስት ሰው መዝሙርም እንደዚያ ነው። ከበሮው በርትቶ መሪዋን ከሸፈናት ተራ ኤዲተር ከበሮውን ብቻ መርጦ አይቀንስም፤ ዝቅ ሲያደርግ መሪዋንም አብሮ ዝቅ ያደርጋታል። በማልቲትራክ ግን ሽንኩርቱም በርበሬውም ጨውም ገና በየሳህኑ ናቸው። ቀምሳችሁ፣ ጨምራችሁ፣ ቀንሳችሁ፣ ደስ ሲላችሁ በመጨረሻ ትቀላቅላላችሁ።

ሁለት ምሳሌዎች ከራሳችን ሰዎች

ማልቲትራክ የትልቅ ባለሙያ፣ ኤዲተር የጀማሪ የሚመስላችሁ አላችሁ። እንደዚያ አይደለም። ይህን የሚያሳዩ ሁለት ኢትዮጵያውያን አሉ።

የመጀመሪያዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። ፒያኖ በመጫወት ዓለም ያወቃቸው መነኩሲት ናቸው። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ በቤታቸው ሆነው፣ ፒያኖ እየተጫወቱ ራሳቸው እያዜሙ፣ በተራ የካሴት መቅጃ ድምፃቸውን ቀዱ። ስቱዲዮ አልነበረም፤ ድምፅና ፒያኖ አብረው በአንድ ጊዜ ተቀዱ። ከመስኮቱ ውጪ ያሉት ወፎች ሳይቀሩ አብረው ገቡ። እማሆይ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው ኖሩ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በ99 ዓመታቸው እዚያው ዐረፉ። እነዚያ የቤት ቅጂዎች በ2024 እ.ኤ.አ. ታትመው ወጡ። አገርን ስለ መናፈቅ የሚያዜሙ ስለሆኑ እንደ እኛ በሰው አገር ያለ ሰው ሲሰማቸው ልቡ ይነካል። ወፎቹን ከዚያ ውስጥ አውጡልኝ የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ ናቸው። አዲስ አበባ ከዋልያስ ባንድ ጋር ኪቦርድ ይጫወቱ ነበር። አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። በ1985 እ.ኤ.አ. በአንድ ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻቸውን አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን ተጫወቱ፤ ምቱን ደግሞ የምት ማሽን ሠራው። አንድ ሰው ሁለት እጅ ነው ያለው፤ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጫወት አይችልም። አንዱን ቀድቶ፣ እሱን እየሰማ በላዩ ሌላውን መጨመር አለበት። የማልቲትራክ ትርጉሙ ይህ ነው። ኃይሉ ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። ተሳፋሪ ሲጠብቁ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ያ የ1985 ሥራ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ በዓለም መድረክ ላይ መልሶ አወጣቸው።

ሁለቱም የሠሩት ጥሩ ነው። እማሆይ ድምፃቸውና ፒያኗቸው አብረው ቤት ውስጥ ስለነበሩ አንድ መቅጃ በቃቸው። ኃይሉ ግን ሁሉንም ብቻቸውን ስለተጫወቱ ብዙ መስመር አስፈለጋቸው። እኛም መምረጥ ያለብን እንደዚሁ ነው፤ ማን አብሮን አለ፣ ማንስ የለም ብለን ነው።

ኤዲተር የሚበቃው ለምን ለምን ነው?

ለልጅ ተረት፣ ለእናት የድምፅ ደብዳቤ፣ ለቤተሰብ ምክር፣ ለንባብ፣ ብቻችንን ለምንዘምረው መዝሙር ኤዲተር ይበቃል። በአል-ኮባር የምትሠራ አንዲት እኅት ለሰባት ዓመት ልጇ ተረት ቀዳች። ቅጂው 14 ደቂቃ ሆነ። በመካከሉ ማዳም ጠርታታለች፤ ሄዳ ተመልሳለች፤ አስላለች፤ ቃል ጠፍቶባት ዝም ብላለች። በኤዲተር የማያስፈልገውን ቆርጠን 9 ደቂቃ አደረግነው። ሳቋንና ትንፋሿን ግን አልነካንም። እናቱን በድምፅ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ትንፋሿንም ይፈልጋል። ስትቆርጡ ይህን አስቡ፤ የዜና አንባቢ እንድትመስሉ ማንም አልጠየቃችሁም።

ኤዲተር ለዚህ አገር ሙቀትም መድኃኒት አለው። በሐምሌና በነሐሴ በደማም ኤሲ አጥፍቶ መቆየት አይቻልም፤ የኤሲው ጉርምርምታ ደግሞ በቅጂው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ኤሲውን አምስት ደቂቃ አጥፉና አንድ ክፍል ቅዱ። አብሩት፣ ክፍሉ ይቀዝቅዝ፣ ዕረፉ። እንደገና አጥፉና ቀጣዩን ቅዱ። በኋላ ክፍሎቹን አጋጥሟቸው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ግማሹን ኤሲ ጠፍቶ፣ ግማሹን ኤሲ በርቶ አትቅዱ። ጉርምርምታው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ከሆነ ጆሮ ይለምደዋል፤ በመካከል ድንገት ሲጀምር ግን ሰሚው ይነቃል።

ሌሎቹን አጫጭር ምክሮች በአንድ ላይ ልንገራችሁ፦

ባዶ የሸክላ ንጣፍ ክፍል ድምፅን ያስተጋባል። ልብስ የተሰቀለበት ቁም ሣጥን ተከፍቶ ፊት ለፊቱ ብትቀዱ ድምፁ ይሰበሰባል።

ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል አርቁ፤ ትንሽ ወደ ጎንም አድርጉት። በቀጥታ አፋችሁ ላይ ካደረጋችሁት «ፐ» እና «ጰ» ባላችሁ ቁጥር ንፋስ ይመታዋል።

ስልክ እንዳይደወል የአውሮፕላኑን ምልክት አብሩ። ማዳም በስልክ የምትጠራችሁ ከሆነ ግን ይህን የምታደርጉት በዕረፍታችሁ ሰዓት ብቻ ይሁን።

ባሕር ዳር ኮርኒሽ ሄዶ መቅዳት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ንፋሱ ቅጂውን ያበላሸዋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ መቅዳት ይሻላል።

አሁን ስለ ኤዲተር ዋናውን ማስጠንቀቂያ ስሙኝ። ብዙ ኤዲተሮች የቆረጣችሁትን በዚያው ፋይል ላይ ያስቀምጡታል። «ሴቭ» ብላችሁ ከወጣችሁ በኋላ የወጣው ክፍል አይመለስም። ስለዚህ ከመንካታችሁ በፊት ሁልጊዜ ኮፒ አድርጉ። ዋናውን በሌላ ስም አስቀምጡና ኮፒውን ብቻ እረሙ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከመካከላችን አንዲት እኅት እናቷ ዐርፈውባታል። የቀረላት የእናቷ ድምፅ 40 ሰኮንድ ነው፤ ስለ ዝናብና ስለ ጤፉ የሚያወሩበት፣ ዶሮ ከኋላ የሚጮኽበት መልእክት ነው። የዶሮውን ጩኸት እንዲያጠፋላት አንድ ልጅ ለመነች። እሱም ድምፅ ማጥሪያውን ሦስት ጊዜ አሳለፈበት። የእናቷ ድምፅ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ መሰለ። ማጥሪያ እንደ በረኪና ነው፤ እድፉን ሲያወጣ ቀለሙንም ይወስዳል። ደግነቱ ዋናው በእኅቷ ስልክ ተቀምጦ ነበር። አሁን ያንን ነው የምትሰማው፤ ከነዶሮው። ኮፒ ባይኖር ኖሮ ያንን ድምፅ መልሶ የሚሰጣት ማንም አልነበረም።

ማልቲትራክ መቼ ያስፈልጋል?

ከደማም እስከ አል-ኮባር በመኪና ሩቅ አይደለም፤ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለእኛ ግን ሩቅ ነው። የአንዷ ዕረፍት አርብ ነው፣ የሌላዋ በወር አንድ ጊዜ ነው፣ ሌላዋ ጭራሽ ከቤት መውጣት አይፈቀድላትም። አብረን ልንዘምር ብንፈልግ አንድ ክፍል ውስጥ መገናኘት አንችልም። በስልክ ጥሪ ላይ አብሮ መዘመርም አይሆንም፤ ኔትወርኩ ድምፅን ስለሚያዘገይ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ገና ትጀምራለች።

ማልቲትራክ የተሠራው ለእንደዚህ ዓይነት ችግር ነው። አምስት እኅቶች ለአንዷ ወንድም ሠርግ አንድ የሠርግ ዜማ ቀዱ። ሁለቱ ደማም፣ ሁለቱ አል-ኮባር፣ አንዷ ዘህራን ናቸው። እንዲህ ነው ያደረጉት፦

አንደኛ፣ ድምፅዋ የቀናው እኅት መሪ ሆነች። ከመጀመሯ በፊት አራት ቆጠረችና አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋ አጨበጨበች። ከዚያ ምቱን ሳትለቅ ዜማውን እስከ መጨረሻ ብቻዋን ቀዳች። ይህ መንገድ መሪ ይሁን እንበለው።

ሁለተኛ፣ መንገድ መሪውን ለአራቱ ላከችላቸው። ስትልክ እንደ ድምፅ መልእክት አልላከችውም፤ እንደ ዶክመንት ነው የላከችው። የዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ቶሎ እንዲደርስ ተብሎ በጣም ይጨመቃል፤ ጥራቱ ይወርዳል። በዶክመንት የተላከ ፋይል ግን እንዳለ ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዷ መንገድ መሪውን ባንድላብ ውስጥ በአንድ ትራክ አስገባች። እሱን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች የራሷን ድምፅ ብቻ በሌላ ትራክ ቀዳች። የመጀመሪያዋን ጭብጨባ ስትሰማ እሷም አብራ አጨበጨበች።

አራተኛ፣ ሁሉም የራሳቸውን ትራክ ብቻ ለአንዷ ላኩላት። እሷ አምስቱን ደረደረቻቸው። ጭብጨባው በመስመሩ ላይ እንደ መርፌ ሹል ሆኖ ይታያል። አምስቱን ሹሎች አንዱን ከአንዱ በታች ስታስተካክላቸው ድምፆቹ ሁሉ ገጠሙ። ከዚያ ጭብጨባዎቹን ቆርጣ ጣለች።

አምስተኛ፣ የእያንዳንዷን ድምፅ ከፍ ዝቅ አደረገች። መሪዋን ትንሽ ከፍ፣ ተቀባዮቹን ትንሽ ዝቅ። አንዷ ጉንፋን ይዟት ስለነበር አንድ ቦታ ድምፅዋ ተሰብሯል፤ የእሷን ትራክ ለዚያች ሰኮንድ ዝም አስባለችው። የሌሎቹ አልተነካም።

ሠርጉ ላይ ሲሰማ አምስቱ ጎን ለጎን የቆሙ ይመስል ነበር። ከቤት መውጣት የማይፈቀድላት እኅት ድምፅ ከአራቱ ጋር እኩል ተሰማ። ይህን ኤዲተር ብቻውን በቀላሉ አይሠራውም።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ የጆሮ ማዳመጫ ሳታደርጉ መንገድ መሪውን በስልኩ ድምፅ ማጉያ ከፍታችሁ አትቅዱ። የመሪዋ ድምፅ በእናንተ ቅጂ ውስጥ ይገባል፤ ጨው ወጥ ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ መለየቱ ከባድ ነው። ሁለተኛው፣ ገመድ የሌለውን የብሉቱዝ ማዳመጫ ለዚህ አትጠቀሙ። ብሉቱዝ ድምፁን ወደ ጆሯችሁ የሚያደርሰው ዘግይቶ ነው። የሰኮንድ አንድ አሥረኛ ወይም ሁለት አሥረኛ ብቻ ይሆናል፤ ስታወሩ አይታወቅም፤ ስትዘምሩ ግን ከምቱ ኋላ ትቀራላችሁ። ርካሹ ባለ ገመድ ከውዱ ብሉቱዝ ይሻላል። ስልካችሁ ክብ ቀዳዳው ከሌለው ለቻርጀሩ ቀዳዳ የሚሆን ባለ ገመድ ጠይቁ።

ሁላችሁም አንድ ክፍል ውስጥ ከሆናችሁስ?

አምስታችሁም በዕረፍት ቀን አንድ ቤት ከተገናኛችሁ ማልቲትራክ አያስፈልጋችሁም። እንደ እማሆይ በአንድ መቅጃ ቅዱ። ማስተካከያው የሚሠራው ከመቅዳት በፊት ነው፤ በአቋቋም ነው። ስልኩን በደረት ከፍታ፣ ትራስ ላይ አስቀምጡት። መሪዋ አንድ እርምጃ ወደ ስልኩ ትቅረብ። ተቀባዮቹ ከኋላዋ ግማሽ ክብ ሠርተው ይቁሙ። ከበሮው ከሁሉም ኋላ ይሁን፤ ከበሮው ድምፁ የሚሰማ ቤት ከሆነ ደግሞ በጭብጨባ ተኩት። ግማሽ ደቂቃ ብቻ ቀድታችሁ ስሙት። ከበሮው ከበዛ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለስ። እንደገና ሞክሩ። ወጡ ከመብሰሉ በፊት ጨዉን መመጠን ማለት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ኤዲተር የሚሠራው መጀመሪያና መጨረሻውን መቁረጥ ብቻ ይሆናል።

በሁለቱ ፕሮግራሞች መካከል ያለው አጥር ደግሞ እንደ ግንብ አይደለም። ኦዳሲቲ ኤዲተር ቢባልም ብዙ ትራክ መደርደር ይችላል። ባንድላብም መቁረጥና ማጋጠም ይችላል። ስለዚህ አንዱን ከመረጣችሁ ሌላው ተዘጋባችሁ ማለት አይደለም። ልዩነቱ የትኛው ሥራ በየትኛው ይቀላል የሚለው ነው። ለአንድ ተረት ባንድላብን መክፈት ለአንድ ስኒ ቡና ጀበናዎችን ሁሉ እንደ መጣድ ነው።

ስለ ቦታና ስለ ኢንተርኔት

ዌቭ የሚባለው ያልተጨመቀ ድምፅ ለአንድ ሰው ቅጂ በደቂቃ 5 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። የአራት ደቂቃ ዜማ በአምስት ትራክ ሲሆን 100 ሜጋባይት ገደማ ማለት ነው። የኤምፒ3 ፋይል ግን በተለመደው ልክ በደቂቃ 1 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ስትሠሩ በዌቭ ሥሩ፤ ሁሉም ሲያልቅና ለቤተሰብ ስትልኩ ወደ ኤምፒ3 ለውጡት። ከአገር ቤት ዳታ በገንዘብ የሚገዛ ሰው 100 ሜጋባይት አትላኩበት።

ሌላም ነገር አለ። ማልቲትራክ የሚያስቀምጠው «ፕሮጀክት» የሚባለውን ነው። ፕሮጀክት በዚያ አፕ ብቻ የሚከፈት፣ ትራኮቹ ገና ያልተቀላቀሉበት ነው። እናታችሁ ልትሰማው አትችልም። በመጨረሻ «ኤክስፖርት» ወይም «ዳውንሎድ» ብላችሁ አንድ ፋይል አድርጋችሁ ማውጣት አለባችሁ። ባንድላብ አካውንት ይጠይቃል፤ ሥራችሁንም በኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣል። ለሕዝብ ይታይ ወይስ የግል ይሁን ሲል የግል የሚለውን ምረጡ። በአካውንቱ ላይ ሙሉ ስማችሁንና ፎቷችሁን ማድረግ ግዴታ አይደለም።

ራሳችንን ስለ መጠበቅ

ይህን ሳልናገር ብጨርስ ንግግሬ ሙሉ አይሆንም። የምንኖረው በሰው ቤት ነው። ስትቀዱ በድምፁ ውስጥ የቤቱ ሰዎች ወሬ፣ የልጆቹ ስም፣ የማዳም የስልክ ንግግር አይግባ። በሳዑዲ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የመረጃ መረብ ወንጀል ሕግ የካሜራ ስልክና መሰል መሣሪያን ያለ አግባብ ተጠቅሞ የሰውን የግል ሕይወት መንካትን እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት ወይም በሁለቱም ይቀጣል። እናንተ ተረት ነው የቀዳችሁት፤ ከኋላ የሌላ ሰው ምስጢር ቢሰማበትስ? ከመላካችሁ በፊት እስከ መጨረሻ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። የሌላ ሰው ድምፅ ካለበት ያንን ቁረጡ፤ መቁረጥ ካልተቻለ እንደገና ቅዱ። ኤዲተር ከምንም በላይ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

መዝሙርም ከሆነ የምትኖሩበትን ቤት እናንተ ታውቃላችሁ። ለስለስ ባለ ድምፅ፣ በር ዘግታችሁ፣ ስልኩን አቅርባችሁ ቅዱ። በማልቲትራክ ዝቅ ብሎ የተዘመረን ድምፅ ከፍ ማድረግ ይቻላል። መጮኽ አያስፈልግም።

ደግሞም የምትሠሩትን ሁሉ በስልካችሁ ብቻ አታስቀምጡ። ስልክ ይሰበራል፤ ይጠፋል፤ ይወሰዳል። አንዳንዶቻችን ሻንጣችንን እንኳ ሳናዘጋጅ ድንገት ወደ አገር የምንመለስበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን የሚተርፈው አስቀድሞ ለሌላ ሰው የተላከው ነው። ዋናውን ቅጂ ለምታምኗት አንዲት እኅት፣ አንዱንም ለአገር ቤት ላኩ።

ለመምረጥ የሚረዱ አራት ጥያቄዎች

ስልካችሁን ስትከፍቱ እነዚህን በተራ ጠይቁ፦

1. የምቀዳው የአንድ ሰው ድምፅ ነው? አዎ ከሆነ ኤዲተር።

2. ብዙ ሰዎች ነን፤ ግን አንድ ክፍል ውስጥ መገናኘት እንችላለን? አዎ ከሆነ አቋቋማችሁን አስተካክላችሁ በአንድ ስልክ ቅዱ፤ ለማጠናቀቅ ኤዲተር።

3. ብዙ ሰዎች ነን፤ መገናኘት አንችልም? ማልቲትራክ፣ ባለ ገመድ ማዳመጫና አንድ ጭብጨባ።

4. የቆየ፣ ሁለተኛ የማይገኝ ድምፅ ነው የያዝኩት? ምንም ፕሮግራም ሳትከፍቱ በፊት ኮፒ አድርጉ። ከዚያ ኮፒውን ብቻ በኤዲተር ንኩ፤ ብዙም አትንኩት።

ለመጀመር የምመክራችሁ ይህን ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ማታ ለአገር ቤት ሰው የሦስት ደቂቃ ድምፅ ቅዱ። ኮፒ አድርጉ። መጀመሪያውንና መጨረሻውን ብቻ ቆርጣችሁ ላኩ። ይህን ከለመዳችሁ በኋላ ከአንዲት ጓደኛችሁ ጋር በሁለት ትራክ ሞክሩ። በሚቀጥለው ስንገናኝ ስልካችሁንና ባለ ገመድ ማዳመጫችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ያልገባችሁን ቁጭ ብለን አብረን እናያለን። ከቤት መውጣት የማትችሉት ደግሞ ጥያቄያችሁን ይህን ወረቀት በምታደርስላችሁ እኅት በኩል ላኩልኝ።